ባለ ሁለት ቢጫ ነጥብ የስኳሽ ኳስ ለክለብ ሊግ ትሆናለች? በሁለት ግጥሚያ ያየሁት

ስለ ስኳሽ ራኬት የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ስለ ጫማውም እንደዚያው። ስለ ኳሷ ግን ብዙ ሲባል አላይም። እኔ ደግሞ በክለብ ሊግ ምሽት ጨዋታውን የምታሳምረውም የምታበላሸውም ኳሷ ናት ባይ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምገመግመው ሊጋችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ተራ ላለ ተጫዋች ሁሉ ያዘዘውን ባለ ሁለት ቢጫ ነጥብ ኳስ ነው። ዘንድሮ ከአንድ ጎረቤት ክለብ ጋር ሁለት ጊዜ ተጋጥመናል። የመጀመሪያውን በእሷ ተጫወትን፤ ሁለተኛውን ደግሞ ታች ያለነው ተጫዋቾች ባለ አንድ ቢጫ ነጥብ በምትባለው ተጫወትን። ተጋጣሚዬ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ሰው ስለነበሩ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላገኝም።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ስኳሽ ሁለት ሰው በግድግዳ በተከበበ ኮርት ውስጥ ኳስን በራኬት ፊት ግድግዳው ላይ እየመታ በየተራ የሚለዋወጥበት ጨዋታ ነው። የስኳሽ ኳስ ትንሽ ናት። የመደበኛዋ ወርድ 40 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 24 ግራም ገደማ ነው። ሁለት የጎማ ግማሾች በሙጫ ተጣብቀው ነው የምትሠራው፤ ውስጧ አየር ብቻ ነው። ላይዋ ላይ ያለችው ነጥብ የፍጥነቷ ምልክት ናት። ባለ ሰማያዊዋ ተለቅ ትላለች፣ በደንብ ትነጥራለች፣ ለጀማሪ ናት። ባለ ቀይዋም ከመደበኛዋ ትንሽ ትተልቃለች። ከዚያ ባለ አንድ ቢጫዋ ትመጣለች፤ መጠኗ ከመደበኛዋ እኩል ነው፣ ግን አምራቾቹ እንደሚሉት አየር ላይ 10 በመቶ ያህል ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች። መጨረሻ ላይ ያለችው ባለ ሁለት ቢጫዋ ናት። ከሁሉም ቀርፋፋዋ እሷ ናት፣ የዓለም ሻምፒዮና የሚካሄደውም በእሷ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ሙቀት ነው። ይህች ኳስ ቀዝቃዛ ስትሆንና ሞቃት ስትሆን ፍጹም ሁለት የተለያየች ኳስ ናት። ስትመታ ጎማው ይጨፈለቃል፣ ይለጠጣል፣ ይሞቃል፤ ውስጧ ያለው አየርም አብሮ ይሞቅና ግፊቱ ይጨምራል፣ ያኔ መንጠር ትጀምራለች። የዓለም ስኳሽ ፌዴሬሽን መለኪያ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ኳሷ ከ254 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስትለቀቅ፣ 45 ዲግሪ ከሞቀች ቢያንስ የከፍታውን ሩብ ያህል መልሳ መንጠር አለባት፤ በ23 ዲግሪ ግን 12 በመቶ ከነጠረች ይበቃታል። በሳንቲ ሜትር ስንመነዝረው ስትሞቅ ከጉልበታችሁ በላይ ትነጥራለች፣ ስትቀዘቅዝ ቅልጥማችሁ አጋማሽ ላይ ትቀራለች። 45 ዲግሪ ደግሞ ዝም ብሎ አይመጣም። ያለ ማቋረጥ፣ በኃይል መምታትን ይጠይቃል። ይህን ያዙልኝ፤ ቅሬታዬ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ግጥሚያ እነሱ ክለብ ነበር። ቀዝቃዛ ምሽት፣ ቀን ሙሉ ሰው ያልገባበት ኮርት። ግድግዳውን በእጄ ነካ ሳደርገው ቀዘቀዘኝ። በሊጋችን አንድ ቡድን 5 ተጫዋች ያሰልፋል፤ በችሎታ ቅደም ተከተል ከ1 እስከ 5። እኔ 4ኛ ተራ ነኝ። እንደ ልማዳችን ደግሞ 5ኛና 4ኛ ተራ መጀመሪያ ይገባሉ፣ 1ኛዎቹ መጨረሻ ላይ ይጫወታሉ፤ ተመልካቹም እነሱን ለማየት ነው የሚቆየው። ልብ በሉ እንግዲህ። በኃይል መምታት የማንችለው ሰዎች ኮርቱ በጣም ቀዝቃዛ በሆነበት ሰዓት፣ ከሁሉም ቀርፋፋ በሆነችው ኳስ እንጫወታለን። እነዚያ በኃይል የሚመቱት ደግሞ ሦስት ሰዓት ያህል ሰው ሲሮጥበት የሞቀ ኮርት ላይ ይገባሉ።

ተጋጣሚዬ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ቀጠን ያሉ፣ ቀኝ ጉልበታቸው ላይ ጥቁር መደገፊያ ያሰሩ። እጄን ጨብጠው ወዲያው ወደ ሥራ ገቡ። ማሟሟቂያው ላይ እሳቸው በባክሃንድ በኩል፣ እኔ በፎርሃንድ በኩል ቆመን ኳሷን በፊት ግድግዳው እያሻገርን እንለዋወጣለን። አዲስ ስለነበረች ገና ደብዛዛ ጥቁር ነበረች፣ እጅ ላይ የጎማ ሽታ ትተዋለች። ስትመታ ድምፅዋ ድፍን ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ግድግዳ ላይ የተወረወረ ይመስላል። ከሦስት አራት ምት በኋላ እሳቸው ኳሷን ያዟት፣ መዳፋቸው ውስጥ ጨበጥ አድርገው ለኩና መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ጠንከር አድርገህ ምታት። ይቺ ካልሞቀች ዛሬ ሁለታችንም አንጫወትም።»

«እሺ፣ እርስዎም አይራሩላት» አልኳቸው።

መታናት። አንድ ጊዜ ጫማዬ ሥር አድርጌ ወለሉ ላይ አሽከረከርኳት፣ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው። ለብ አለች። ከዚያ ጌሙ፣ ማለትም የመጀመሪያው ዙር፣ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ሰርቫቸው (የመክፈቻ ምታቸው) በግራ ግድግዳው ጥግ ጥጉን ሄዶ ከኋላ ጥግ ገባ። ራኬቴን አዘጋጅቼ ከኋላው ግድግዳ ተመልሳ እስክትወጣ ጠበቅኩ። አልወጣችም። ግድግዳውንና ወለሉን አንድ ላይ ነክታ እዚያው ተቀመጠች። አንድ ነጥብ። ሁለተኛውም ያው። ገና ራኬቴ ላቤን ሳያውቅ 4 ለ 0 ተመራሁ። እኔም በተራዬ ፊት ለፊት ቀስ አድርጌ ድሮፕ (ፊት ግድግዳው ሥር የምትወድቅ ስስ ምት) ስጥል እሳቸው ቲ ላይ፣ ኮርቱ መሃል መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ፣ ቆመው ብቻ ያዩኛል፤ በዚያ ጉልበት መድረስ አይቻልም፣ ኳሷ ደግሞ ሁለተኛ ለመንጠር አትዘገይም። ምልልሱ ሦስተኛ አራተኛ ምት ላይ ያልቃል። እሳቸው ሰርቭ፣ እኔ መመለስ፣ ድሮፕ፣ አለቀ። ሩጫ የለም፣ ማሰብ የለም፣ ቦታ መቀማት የለም። ስኳሽን ስኳሽ የሚያደርገው ያ ወደ ኋላ ገፍቶ ወደ ፊት መጥራት፣ ቲ ላይ ቦታ መያዝ፣ ትዕግሥት፣ እሱ ሁሉ ጠፋ።

በጌም መሃል ባለው እረፍት ነገሩ ይብስ ነበር። ደንቡ ኳሷ ካልተስማማን በስተቀር ከኮርቱ እንዳትወጣ ያዛል፤ ያለምክንያት አይደለም፣ አንዱ ኪሱ ከትቶ ቢያሞቃት ወይ ውጭ ቢያቀዘቅዛት ለራሱ እንዲመች ማድረግ ይችላል። ግን ወለሉ ላይ ትተናት ውሃ ጠጥተን ስንመለስ እንደገና በድን ሆናለች። ሁለተኛው እረፍት ላይ ሳንነጋገር ሁለታችንም ውስጥ ቀረንና ግድግዳው ላይ እያነጠርናት አረፍን፤ እረፍት ከተባለ። 3 ለ 1 አሸነፉኝ። ይገባቸዋል፣ ድሮፓቸው እጅግ ጥሩ ነው። ስንወጣ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «በሞቀች ኳስ ቢሆን ከሁለት ጌም በላይ አልዘልቅም ነበር።» ከልባቸው ነው ያሉት። እኔም ያንን ለማየት ጓጓሁ፤ አሸንፋለሁ ብዬ ሳይሆን፣ ከእኚህ ሰው ጋር ረጅም ምልልስ መጫወት ስለፈለግኩ።

እንደተለመደው የጨረሰ ተጫዋች ለሚቀጥሉት ይዳኛልና ፎቅ ላይ ወጥቼ ነጥብ ቆጠርኩ። ያ ምሽት አስተማሪ የሆነልኝ ለዚህም ነው። 1ኛዎቹ ሲገቡ የያዙት ከእኛ ጋር ከአንድ ሳጥን የወጣች ኳስ ናት። ማሟሟቂያው ሳያልቅ ድምፅዋ ተለወጠ። ጧ! ጧ! እያለ ከላይ ድረስ ይሰማል። ከኋላው ግድግዳ ተመልሳ እስከ ሰርቭ ሳጥኑ ትወጣለች። አንድ ምልልስ ላይ ሁለቱም አራቱንም ጥግ ነክተው፣ አንደኛው በቦስት ከጎን ግድግዳ አውጥቶ፣ ሌላኛው ተንደርድሮ ደርሶባት፣ በመጨረሻ ድሮፑ ከቲኑ (ፊት ግድግዳው ሥር ካለው ሰሌዳ) በአንድ ጣት ከፍ ብሎ ሞተ። እኔ ነጥቡን መጥራት ረስቼ ቆየሁ፣ ከታች ሁለቱም ቀና ብለው እስኪያዩኝ። ለእነዚህ ልጆች ባለ ሁለት ቢጫዋ ትክክለኛዋ ኳስ ናት፣ አንድም ቅር የሚያሰኝ ነገር የለባትም። ፈጣን እጅ ሲገጥማት እኩል ትከፍላለች፦ በኃይል ስትመታ ትሮጣለች፣ በስሱ ስትነካ ትሞታለች። በቪዲዮ የግብፅ የዓለም ሻምፒዮኖቹን እነ አሊ ፋራግንና ኑር ኤል ሸርቢኒን ስናይ የሚያስቀናን ያ ሁሉ ማታለል የሚቻለው በእሷ ነው።

ችግሩ እኛ እነሱን አይተን የእነሱን ኳስ መግዛታችን ነው። እነሱ ኳሷን በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዷታል፣ ምልልሳቸው ረጅም ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚጫወቱት መብራት በሚያሞቀው የመስታወት ኮርት ውስጥ ነው። ቲኑ እንኳ አንድ አይደለም፤ የእነሱ 43 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የክለብ ኮርት ቲን 48 ነው። ታዲያ ባለሙያ የሚጫወትባትን ኳስ ይዞ መግባት ሰውን ባለሙያ አያደርገውም። የክለብ ሰው ባለ አንድ ቢጫዋን የጀማሪ አድርጎ ነው የሚያያት። ሱቅ ውስጥ ስትጠይቁ ሻጩ ራሱ ባለ ሁለቷን ያነሳላችኋል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ።

ወደ ሁለተኛው ግጥሚያ ልምጣ። አምበላችን ቀደም ብሎ ለእነሱ አምበል ደውሎ ነገሩን አነሳው። የሊጋችን ደንብ ሁለቱ አምበሎች ከተስማሙ ሌላ ኳስ መጠቀም ይፈቅዳል፤ ይህንን አብዛኛው ሰው አያውቀውም። 5ኛ፣ 4ኛ እና 3ኛ ተራ በባለ አንድ ቢጫዋ፣ 2ኛና 1ኛ በባለ ሁለቷ እንዲሆን ተስማሙ። በዚህኛው ጊዜ እኛ ክለብ ነው፣ ኮርቱም ቢሆን ከእነሱ እምብዛም አይሞቅም።

እሳቸውም መጡ። ያው የጉልበት መደገፊያ፣ ያው አጨባበጥ። «እሺ ልጄ፣ ዛሬ እንግዲህ ልታስሮጠኝ ነው» አሉኝ።

ማሟሟቂያው ላይ ከአምስት ስድስት ምት በኋላ ኳሷ ነቅታ ነበር። ጫማ ሥር ማሽከርከርም አላስፈለገም። የመጀመሪያው ሰርቫቸው እንደ ባለፈው ጥጉን ይዞ ሄደ። ጠበቅኩ። ከኋላው ግድግዳ ተመልሳ ወጣች! ብዙ አይደለም፣ አንድ ክንድ ያህል፤ ግን ራኬቴን ከሥሯ ለማስገባት በቂ ነበር። ቀጥታ መለስኳት። መለሱልኝ። ደግሜ ወደ ኋላ ገፋኋት። ከዚያ ወዲያ ስንት ምት እንደተለዋወጥን አላውቅም፣ ሲያልቅ ግን ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጉልበታችንን ይዘን ነበር። ነጥቡ የእሳቸው ሆነ። ደስ አለኝ ብል ታምኑኛላችሁ?

እንደተናገሩት በሁለት ጌም ይደክማሉ ብዬ ነበር። አልደከሙም። ሩጫው ሲከብዳቸው ሎብ ማንሳት ጀመሩ። ከፊት ጥግ ሆነው ኳሷን ከፍ አድርገው፣ 4 ሜትር ከ57 ላይ ካለው የፊት ግድግዳ መስመር ትንሽ ዝቅ አስነክተው፣ በጭንቅላቴ ላይ አሳልፈው ከኋላ ያወርዱብኛል። እኔ ወደ ኋላ ስሮጥ እሳቸው በእርጋታ ተራምደው ቲ ላይ ይቆማሉ። ይህንን ባለፈው ግጥሚያ አንድም ጊዜ አላየሁትም፤ ማንሳት አያስፈልጋቸውም ነበራ፣ ድሮፕ ብቻ ይበቃቸው ነበር። ያቺ ኳስ የሰውዬውን ግማሽ ችሎታ ደብቃብኝ ኖሯል። እኔም በበኩሌ ቮሊ መምታት ተማርኩ፣ ሎቡን ከመውረዱ በፊት አየር ላይ መቅደም ካልሆነ ሌላ መውጫ አልነበረኝምና።

አምስት ጌም ሄድን። የመጨረሻው 10 እኩል ሆነ፣ በዚህ ጊዜ በሁለት ነጥብ መብለጥ ግድ ነው። 12 ለ 10 አሸነፉ። ስለዚህ ሁለቱንም ግጥሚያ የተሸነፍኩ ሰው ነኝ፤ ባለ አንድ ቢጫዋን የማወድሰው አሸንፌባት አይደለም። ከኮርቱ ስወጣ ቲሸርቴ ተጨምቆ ውሃ የሚወጣው ሆኖ ነበር፣ እግሮቼ ደረጃውን እምቢ ብለው ነበር፣ ያንን ምሽት ግን ዘንድሮ ከተጫወትኩት ሁሉ አልቀይረውም።

እንከኗን ልደብቅ አልፈልግም። 3ኛ ተራ ላይ ያለው ጓደኛችን በኃይል የሚመታ፣ በዚያ ላይ ድሮፕ የሚወድ ልጅ ነው። እሱ ሲገባ ኮርቱ ሞቋል፣ ባለ አንድ ቢጫዋም ከሁለተኛው ጌም በኋላ ከሚገባው በላይ መንጠር ጀመረች። ቆንጆ ድሮፕ ይጥላል፣ ተጋጣሚው ተረጋግቶ ይደርስባታል። ሲወጣ በጣም ተናዶ ነበር፣ እኔም እውነቱን ነው እላለሁ። ስለዚህ ከ3ኛ ተራ ወደ ላይ አልመክራትም፣ ወይ ደግሞ የዕለቱን ሙቀት አይቶ መወሰን ነው። ሌላው፣ ነጥቧ አንድ ሆነች ሁለት፣ ያረጀች ኳስ ትሸነግላለች። ላይዋ ተልጎ እንደ ተወለወለ ጫማ ማብረቅረቅ ስትጀምር ግድግዳው ላይ መንሸራተት ታመጣለች። ቀይሯት። ከመግባታችሁ በፊትም በሁለት አውራ ጣት ጨመቅ አድርጋችሁ መጋጠሚያዋን ዙሩት። የእኔዋ ባለ ሁለት ቢጫ በሦስተኛ ሳምንቷ መጋጠሚያዋ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አውጥታ ነበር፤ ዓይን አያየውም፣ ሲጨመቅ ብቻ አፉን ይከፍታል። በምልልስ መሃል ከተሰነጠቀች ያ ምልልስ ሌት ተብሎ ይደገማል፣ አዲሷንም ሁለታችሁ አሙቃችሁ ነው የምትቀጥሉት። በቀዝቃዛ ኮርት ላይ ያ ማለት ከዜሮ መጀመር ማለት ነው።

ከኳሷ ሳልወጣ አንድ ነገር፣ መነጽር አድርጉ። 40 ሚሊ ሜትር ማለት የዓይን ጉድጓድ ውስጥ ልክ የምትገባ መጠን ናት። ቴኒስ ኳስ ቢሆን አጥንቱ ይከላከል ነበር፤ ይቺን አይከላከልም። ተራ የማንበቢያ መነጽርም ሊሰበር ስለሚችል ከለላ አይሆንም፣ ፖሊካርቦኔት የሆነውን የስፖርት መነጽር ነው የምላችሁ። ባለ አንድ ቢጫዋ ምልልስ ስለምታረዝም ሁለት ሰው በ6 ሜትር ከ40 ስፋት ውስጥ ተጠጋግቶ የሚቆይበት ጊዜም ይረዝማል። ተጋጣሚዬ ሁሌም ያደርጋሉ፤ እኔ ከእሳቸው አይቼ ጀመርኩ።

ነጥብ ስጥ ከተባልኩ፦ ባለ ሁለት ቢጫዋ ለ1ኛና 2ኛ ተራ ከ5 አምስት። ለ4ኛና 5ኛ ተራ፣ በቀዝቃዛ ምሽት፣ ከ5 ሁለት። ባለ አንድ ቢጫዋ ለእኛ ዓይነቱ ተጫዋች ከ5 አራት ተኩል፤ ግማሿን የቀነስኩት ኮርቱ ሲሞቅ በምታመጣው ጣጣ ነው። ሳምንት ሁለቴ የምትጫወቱ፣ ምልልሳችሁ አምስተኛ ምት ላይ የሚያልቅ ከሆነ ራኬት ከመቀየራችሁ በፊት ኳስ ቀይሩ። ምርመራውም ቀላል ነው፦ ጌሙ መሃል ላይ ኳሷን ጨበጥ አድርጉ። መዳፋችሁን ካላሞቀችው ለእናንተ አልተሠራችም።

ለሊጉ ኮሚቴ ከሁለቱም ክለብ የሆንን ተጫዋቾች አንድ ላይ ጽፈናል። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው። የታችኛው ተራዎች ባለ አንድ ቢጫዋ በቀጥታ እንድትፈቀድላቸው፣ የአምበሎች ስምምነት ሳያስፈልግ። ሁለተኛው ደግሞ 2ኛ ተራ መጀመሪያ እንዲገባ፣ ኮርቱን የሚያሞቅልን እንዲሆን። ሁለተኛውን ሐሳብ ያመጡት እኚያው ተጋጣሚዬ ናቸው፣ ፊርማቸውም ከእኔ በላይ ነው ያለው። መልሱ ሲመጣ እዚሁ ላይ እጨምርበታለሁ።